ሲያትል አካባቢ ኦርካና ዓሣ ነባሪ ለማየት፦ ከየት፣ መቼ፣ በምን ያህል ርቀት?

ሰሎሜ_ሬንተን (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት ላይ እናቴና የአክስቴ ልጆች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ኦርካ (ጥቁርና ነጭ መልክ ያለው ትልቅ የባሕር እንስሳ) ሳያዩ አንመለስም ብለዋል። ሦስት ምርጫ አለን። የባለቤቴ ጓደኛ ባለ 22 ጫማ ጀልባ አለው፣ ይዞን ሊወጣ ፈቃደኛ ነው። ወይም የአስጎብኚዎች ጀልባ ላይ ትኬት እንቆርጣለን። ወይም ደግሞ ከባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ መሄድ አትችልም።

ግራ የገባኝ ርቀቱ ነው። አንዱ 200 ያርድ ይላል፣ አንዱ 400፣ ሌላው 1,000። የቱ ነው ትክክሉ? በውሃ ላይስ ርቀት በምን ይለካል? እንስሳቱን ሳናስቸግር ማየት ነው የምንፈልገው፤ የምታውቁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

መልሕቅ_ኤቨረት

ሰላም እህት ሰሎሜ። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚመለከቱት ግን የተለያየ ነገር ነው።

እኛ አካባቢ በብዛት የሚታዩት ኦርካዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ሳውዘርን ሬዚደንት የሚባሉት ነዋሪዎቹ ናቸው። ጄ፣ ኬ እና ኤል በሚባሉ ሦስት መንጋዎች ተከፍለው ይቆጠራሉ፤ ሁሉም ተደምረው 80 አይሞሉም። የሚበሉት ዓሣ ነው፣ ከዓሣም በተለይ ቺኑክ ሳልመን። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በፌደራል ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመዝግበዋል። ሁለተኞቹ ቢግስ ይባላሉ፣ ድሮ ትራንዚየንት ይሏቸው ነበር። እነሱ ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳና የባሕር አንበሳ አድነው ይበላሉ፤ ምግባቸው ስለማይጎድል ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ውሃ ውስጥ እየኖሩ አይቀላቀሉም፣ አይዋለዱምም።

ሕጉ እንዲህ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በዋሽንግተን ስቴት ውሃ ላይ ማንኛውም ጀልባ ከነዋሪዎቹ ኦርካዎች በሁሉም አቅጣጫ 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር መራቅ አለበት። ግማሽ ኖቲካል ማይል ውስጥ ከገቡ ፍጥነት ከ7 ኖት አይበልጥም፤ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 400 ያርድ የሚባለው ደግሞ ሳይታሰብ ቅርብ ብቅ ካሉ ማርሹን ፎሌ ላይ ማድረግ ግዴታ የሚሆንበት ርቀት ነው። 200 ያርድ እ.ኤ.አ. የ2011 የፌደራል ደንብ ነው፤ በዋሽንግተን የውስጥ ውሃዎች ላይ ለየትኛውም ኦርካ ይሠራል፣ ቢግስን ጨምሮ። ያው ደንብ በሚመጡበት መስመር ላይ 400 ያርድ ውስጥ ቆሞ መጠበቅንም ይከለክላል። ለሃምፕባክ፣ ለግሬይና ለሚንኪ ዓሣ ነባሪዎች የሚመከረው 100 ያርድ ነው። የስቴቱን ሕግ የጣሰ 500 ዶላር ይቀጣል፣ የሚታከሉትን ክፍያዎች ሳይጨምር።

እኔ የምለው አንድ ነው፦ ከ1,000 ያርድ ላይ ሆኖ ቢግስን ከነዋሪው መለየት ለልምድ ያለው ሰው እንኳ ከባድ ነው። ለመለየት ብሎ የሚጠጋ ሰው ነዋሪዎቹ ከሆኑ በዚያው ሕግ ጥሷል። ስለዚህ ለባለጀልባው ወዳጃችሁ ንገሩት፦ ማንነቱ ያልታወቀ ኦርካ ሁሉ ነዋሪ ነው ብሎ ይቁጠር፣ 1,000 ያርዱን ለሁሉም ይጠብቅ።

ለምን ይህን ያህል ርቀት ቢባል፣ ጉዳዩ ረሃብ ነው። ኦርካ ሳልመንን የሚያገኘው በጆሮው ነው። አጫጭር የጠቅታ ድምፅ ይለቅቃል፣ ድምፁ ሳልመኑ ሆድ ውስጥ ካለው የአየር ከረጢት ነጥሮ ሲመለስ ያዳምጣል። የሞተርና የፕሮፔለር ጩኸት ይህንን የገደል ማሚቶ ይሸፍነዋል። የፌደራሉ የባሕር ተቋም ኖዓ ተመራማሪዎች በእንስሳቱ ላይ መቅጃ ለጥፈው ሲያጠኑ፣ ጀልባ 400 ያርድ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ለማደን የሚጠልቁበት ጊዜ ቀንሶ አግኝተውታል፤ በተለይ እንስቶቹ አደኑን ጭራሽ ይተዉታል። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት አደን ተወች ማለት ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። በ2018 ታህሌኳ የምትባለው ከጄ መንጋ የሆነችው ኦርካ (መለያዋ ጄ35) የሞተች ግልገሏን ለ17 ቀን ተሸክማ ስትዋኝ ዓለም ሁሉ አይቷል። ከሚያረግዙት ብዙዎቹ ጽንሱ ይጨናገፍባቸዋል፣ ይህም ከምግብ ማጣት ጋር ተያይዞ ተጠንቷል። ጩኸትን ከሁሉ በላይ የሚያባብሰው ደግሞ ፍጥነት ነው። አንድ ጀልባ ፍጥነቱን ሲቀንስ ውሃ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ በጣም ይወርዳል፣ ለዚህ ነው 7 ኖት የተባለው።

ወደ ርቀት ልኬቱ ልምጣ። በዓይን ግምት አትመኑ፤ ውሃ ላይ መለኪያ የሚሆን ዛፍም ቤትም ስለሌለ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ጀልባው ራዳር ካለው ቀለበቱን 0.5 ኖቲካል ማይል ላይ ያድርገው፤ 926 ሜትር ስለሆነ ከ1,000 ያርድ በትንሹ ይበልጣል። ራዳር ከሌለው ውስጡ በ«ሚል» የተከፋፈለ መስመር ያለው ባለ 7 በ50 የባሕር መነጽር ይያዝ፤ ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው፣ 1 ሚል በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር ማለት ነው። የትልቅ ወንድ ኦርካ የጀርባ ክንፍ እስከ 1.8 ሜትር ይቆማል። ክንፉ በመስመሩ ላይ 2 ሚል ያህል ከያዘ 900 ሜትር አካባቢ ነው። 5 ሚል ከሞላ 360 ሜትር ገደማ ደርሷል፣ ማለትም ፎሌ ውስጥ መሆን ያለበት ሰዓት ነው። የእንስቷ ክንፍ ከወንዱ ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ በ900 ሜትር ላይ 1 ሚል ብቻ ትይዛለች። በእንስቷ ክንፍ የወንዱን ሒሳብ የሠራ ሰው እጥፍ ርቄአለሁ ብሎ ይሳሳታል፣ ተጠንቀቁ።

ሳይታሰብ ቅርብ ቢወጡስ? ያኔ መሸሽ አይደለም። ጋዙን ቀስ አድርጎ ወደ ሚኒሞ ማውረድ፣ ፎሌ ላይ ማድረግ፣ ከዚያ መጠበቅ። ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት፣ ወይም ደንግጦ ማርሽ አስገብቶ መፈትለክ ነው አደጋው፤ እንስሳው በየት በኩል እንደሚወጣ አይታወቅም፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ ስለት ነው። አልፈው 400 ያርድ ከራቁ በኋላ ከሄዱበት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከ7 ኖት በታች፣ ማዕበል ሳያስነሳ ይውጣ። ነፋስ ወይም ሞገድ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ መርከብ መስመር እየገፋው ከሆነ ግን ለደኅንነቱ መንቀሳቀስ ይችላል፣ ሕጉም ይህን ይፈቅዳል። የጥልቀት መለኪያውንና ዓሣ ፈላጊውን፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ ያጥፋው። ብዙዎቹ በ50 ኪሎኸርዝ ይሠራሉ፣ ኦርካ ደግሞ ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ ድረስ ይሰማል።

የደሴቱ_መንገደኛ

መልሕቅ ብዙውን ጨርሶታል። እኔ ስለ ባሕር ዳሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም ለእናትሽ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመሬት ላይ የሚያይ ሰው ርቀት መለካትም ሆነ ሞተር ማጥፋት አያስጨንቀውም፤ እንስሳው ወደ ሰው ከመጣ በራሱ ፈቃድ ነው።

ዋናው ቦታ ሳን ህዋን ደሴት ምዕራብ ዳር ያለው ላይም ኪልን ፖይንት ስቴት ፓርክ ነው። ከሲያትል አናኮርቴስ ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ በፌሪ ፍራይደይ ሃርበር፣ ከዚያ 9 ማይል ያህል መንገድ። ኦገስት ላይ መኪና ይዛችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ የፌሪውን ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፤ ሳይዙ ሄዶ ግማሽ ቀን ወረፋ ላይ ማለፍ የተለመደ ነው። ለፓርኩ ዲስከቨር ፓስ (የስቴት ፓርኮች የመኪና መግቢያ ፈቃድ) ያስፈልጋል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጠረፉ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ እናትሽ ቀስ ብላ ትደርሳለች። ታጣፊ ወንበር፣ ጋቢም ቢሆን ወፈር ያለ ልብስ ያዙላት፤ በኦገስትም ከውሃው የሚነሳው ነፋስ ይቀዘቅዛል። ጠረፉ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች፣ ከሰዓት በኋላ ግን የውሃው ነጸብራቅ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ በጠዋት ድረሱ።

የድንጋዩ ጥግ ወዲያው ወደ ጥልቅ ውሃ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው ኦርካዎች እዚያ ጋ ጠረፉን ታክከው የሚያልፉት። ነፋስ በሌለበት ቀን መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ክንፉ ሳይታይ «ፉፍ» የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ባሕሩ ላይ ነጭ አረፋ ከበዛ ትንፋሹንም ክንፉንም መለየት ስለሚያስቸግር፣ የአየሩን ትንበያ አይታችሁ ጸጥ ያለ ቀን ምረጡ። ከመሬት ላይ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርም ይሆናል፣ ክርንን ጉልበት ላይ አስደግፎ። ጀልባ ላይ ግን 10 እጥፉ ይንቀጠቀጣል፤ 7 ወይም 8 ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ምንም ሳያዩ መመለስ አለ። ነዋሪዎቹ እንደ ድሮው በጋውን በሙሉ እዚያ አይውሉም፤ ሳልመኑ ሲያንስ እነሱም ወደ ውቅያኖሱ ይወጣሉ። እንግዶቹን «እናያለን» ሳይሆን «ልናይ እንችላለን» በሏቸው።

ከከተማ መውጣት ካልተቻለ አልካይ ፖይንት፣ ሊንከን ፓርክ፣ ሪችመንድ ቢች፣ ማውሪ ደሴት ላይ ያለው ፖይንት ሮቢንሰን ጥሩ ናቸው። ቢግስ ዓመቱን ሙሉ ይዞራሉ። ነዋሪዎቹ ግን ወደ ከተማው ውሃ የሚገቡት በአብዛኛው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፣ ቸም የሚባለውን የሳልመን ዓይነት ተከትለው ነው።

በጸደይ የሚመጣ እንግዳ ላላችሁ ደግሞ፣ ከማርች እስከ ሜይ ግሬይ ዓሣ ነባሪዎች ዊድቢ ደሴት አጠገብ ላንግሊ ከተማ ፊት ለፊት ይመጣሉ። ጭቃው ውስጥ የሚኖረውን ሽሪምፕ ለመብላት በጎናቸው ተኝተው አፈሩን ይመጥጣሉ። ጭቃው በውኃ የሚሸፈነው ባሕሩ ሲሞላ ስለሆነ የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ አይታችሁ ሙላቱ ከፍ ባለበት ሰዓት ሂዱ። ውሃው ሲሸሽ ሄዳችሁ የቆፈሩትን ጉድጓድ ብቻ ታያላችሁ፣ እሱም ቢሆን ማየት ደስ ይላል።

ትንሣኤ_ቤሊንግሃም

ስለ አስጎብኚ ጀልባ፦ የፓስፊክ ዌል ዋች ማኅበር አባል የሆነ ድርጅት ምረጡ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውላችሁ «ጄ፣ ኬ ወይም ኤል መንጋ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትክክለኛው መልስ «አቅጣጫ ቀይረን ቢግስ ወይም ሃምፕባክ እንፈልጋለን» ነው። «በጣም እናስጠጋችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። የባሕር ሕመም መድኃኒት የሚሠራው ከመሳፈር አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከተዋጠ ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። የሚመጣበት ሰው ካቢኑ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ እንዳያይ፣ ከኋላ በኩል መሐል ላይ ቆሞ አድማሱን ይመልከት።

መልሕቅ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሳን ህዋን ምዕራብ ዳር ላይ ከሚቸል ቤይ እስከ ካትል ፖይንት ድረስ ሩብ ማይል፣ ላይም ኪልን ያለው የመርከብ መሪ መብራት ማማ ዙሪያ ደግሞ ግማሽ ማይል ጀልባ እንዳይገባ ስቴቱ ይጠይቃል። በፈቃደኝነት ነው፣ ግን ነዋሪዎቹ ዓሣ የሚይዙበት ዋና ቦታ ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል።

ሰሎሜ_ሬንተን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እንግዲያው እናቴን ይዘን ላይም ኪልን እንሄዳለን፤ ወጣቶቹ በጀልባ ይወጡ ይሆናል። ሦስት ነገር ይቀረኛል። በመነጽር ሲታዩ ነዋሪውንና ቢግሱን በምን ልለይ? የአክስቴ ልጅ ድሮን ይዟል፣ ማብረር ይቻላል? ደግሞስ ካየናቸው ወዲያው ፌስቡክ ላይ ቦታውን ብናሳውቅ ሌላው ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?

መልሕቅ_ኤቨረት

ለመለየት፣ ከመሬት ላይ ሆነሽ ከሆነ ጊዜ አለሽ። መጀመሪያ የክንፉን ጫፍ እዪ፦ የቢግስ ሹል ነው፣ የነዋሪዎቹ ክብ ያለ። ቀጥሎ ከክንፉ ኋላ ያለውን ግራጫ ቦታ፦ ቢግስ ላይ ድፍን ግራጫ ነው፣ ነዋሪዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰረዝ ይገባበታል። ሰረዙ ካለ ነዋሪ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሌለ ግን ቢግስ ነው ማለት አይቻልም፣ ሰረዝ የሌለው ነዋሪም ብዙ ነው። አኳኋናቸውም ይለያል። ቢግስ ከሁለት እስከ ስድስት ሆነው ተጠጋግተው ይሄዳሉ፣ ጠልቀው ብዙ ደቂቃ ይቆዩና ባልተጠበቀ ቦታ ይወጣሉ፤ ሲል እንዳይሰማቸው ዝም ብለው ነው የሚያድኑት። ነዋሪዎቹ በሰፊው ተበትነው ይጓዛሉ። ወፎች ከላይ ተሰብስበው ውሃው ላይ ቁራጭ ሥጋ ሲለቅሙ ካየሽ፣ ቢግስ አንድ ነገር ገድለዋል።

ድሮኑን ቤት ይተወው። በዋሽንግተን ስቴት ፓርኮች ውስጥ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፣ ላይም ኪልንም ስቴት ፓርክ ነው። ከጀልባ ላይ አስነስቶ ወደ እንስሳቱ ማውረድም ማስቸገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቅጣት ለጉብኝት ለመጣ ሰው አይበጅም።

ፌስቡኩን በተመለከተ፣ በዚያው ሰዓት ትክክለኛ ቦታ አትለጥፉ። ቅዳሜ ከሰዓት «አሁን እዚህ ናቸው» የሚል መልእክት በወጣ በግማሽ ሰዓት ጀልባ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ባለጀልባ ርቀቱን ቢጠብቅ እንኳ እንስሳቱ መሐል ይቀራሉ። ይልቅ ዌል አለርት ወይም የኦሽን ዋይዝ ዌል ሪፖርት መተግበሪያ ላይ አስገቡት። ከዚያ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ለፌሪና ለትላልቅ መርከብ ካፒቴኖች ይደርሳል፣ እነሱም ፍጥነት ይቀንሳሉ ወይም መንገድ ይቀይራሉ። ሲያስገቡ ሰዓቱን፣ ቁጥራቸውን፣ የሚሄዱበትን አቅጣጫ መጥቀስ ነው፤ አቅጣጫ የሌለው ሪፖርት ለካፒቴኑ ብዙ አይጠቅመውም። ፎቶውን ማታ ለጥፉት።

ጀልባ ላይ ያሉት ደግሞ ሌላ ጀልባ የዓሣ ነባሪ ጅራት ያለበት ባንዲራ ሰቅሎ ካዩ፣ በአካባቢው እንስሳ አለ ማለት ነው፤ እነሱ ምንም ባያዩም ወደ 7 ኖት ይውረዱ።

ቀዛፊ_ታኮማ

ካያክ ለምታስቡ፦ «ሞተር ስለሌለኝ አይመለከተኝም» ማለት ስሕተት ነው። 1,000 ያርዱ ለመቅዘፊያም ነው። ድንገት ከመጡ ካያኮቹን ጎን ለጎን አያይዛችሁ፣ መቅዘፊያውን ጭን ላይ አድርጋችሁ፣ ወደ ጠረፉ ተጠግታችሁ ቁሙ። በእንስሳቱና በባሕሩ ዳር መሐል ግን አትግቡ። ድምፅ የሌለው ካያክ ሳይሰሙት አጠገባቸው ሲደርስ ይደነግጣሉ፣ ያን ጊዜ የሚገለበጠው ካያኩ ነው።

ወደ ካናዳ ውሃ የምትሻገሩ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፤ በየዓመቱ ስለሚታደስ ከመሻገራችሁ በፊት የዚያን ዓመቱን እዩ። ድንበሩ ሃሮ ስትሬት በሚባለው የባሕር መተላለፊያ መሐል ስለሚያልፍ ሳይታወቅ መሻገር ቀላል ነው።

ገመድ ወይም የክራብ ወጥመድ የተጠመጠመበት ሃምፕባክ ካያችሁ በራሳችሁ አትቁረጡ። ከላይ የሚታየው ገመድ ከተቆረጠ፣ የነፍስ አድን ባለሙያዎቹ የሚይዙት ይጠፋል፣ ሥጋው ውስጥ የገባው ደግሞ ይቀራል። በ1-877-767-9425 ደውሉ፣ ወይም በሬዲዮ ቻናል 16 ላይ ኮስት ጋርድን ጥሩ፣ ከዚያም ርቀታችሁን ጠብቃችሁ ሰዎቹ እስኪደርሱ በዓይናችሁ ተከታተሉት። ብቻውን ትታችሁት ከሄዳችሁ መልሶ ማግኘቱ በጣም ያስቸግራል።